የማንጠግቦሽ ድመት ስንት ታወጣለች?

በድሮ ዘመን፣ ልጆቼ፣ ድመት ገበያ ወጥታ በማትሸጥበት አገር፣ ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንዷ ደግ፣ አንዱ ብልጣብልጥ፣ አንዱ ዳኛ። ጠጋ ጠጋ በሉ። ከኋላ ያለኸውም ጆሮህን ይዘህ ና፤ ይሄን ተረት ለሚያንቀላፋ ሰው አልናገርም።

ደጓ ማንጠግቦሽ ትባላለች። ባሏ ሞቶባታል። አንድ በሬ፣ አንድ ጎተራ፣ አንዲት ድመት አላት። በሬው ብቻውን ስለማያርስ ከጎረቤቷ በሬ ጋር እያቀናጀች ታሳርሳለች። ጎተራው ውስጥ የዘር ገብስ አለ። የዘር ገብስ ቢርብም አይነካም፤ ክረምት ሲገባ ለመሬት የሚሰጥ ነው። ያ ዘር ካለቀ ማንጠግቦሽ መሬቷን ለሰው በእኩል ሰጥታ፣ በሰው ቤት እህል እየፈጨች ልትኖር ነው። ይህን ዘር ከአይጥ የምትጠብቀው ድመቷ ናት። ውሮ ትባላለች፤ ግራጫ ናት፣ አንድ ጆሮዋ ተቀዷል፣ ኩራቷ ግን የወይዘሮ ነው።

ብልጣብልጡ ስንሻው ይባላል። ስንሻው ሰነፍ አልነበረም። ሰነፍ ቢሆንማ ጥሩ ነበር፤ አርፎ ይተኛ ነበር። እሱ ግን ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ዛሬ ማንን ላታልል ብሎ የሚያስብ ትጉህ ሰው ነበር።

ዳኛው ወንድይራድ ይባላሉ። ከሾላ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ይፈርዳሉ። ነገር ሲከብዳቸው ጢማቸውን ያፍተለትላሉ። የንጉሥ ሕግ ከሚጥሱ ያን ጢማቸውን ቢላጩ ይሻላቸዋል፤ ጢማቸውን ደግሞ በጣም ይወዱታል።

ሕጉ እንዲህ ይላል። ሰውን አታሎ ንብረቱን የወሰደ፣ በወሰደው ነገር ዋጋ ልክ ይቀጣል። ዋጋው ከዶሮ ካነሰ፣ ተመክሮ ይለቀቃል። በግ ካከለ፣ እጥፉን ይከፍላል። በሬ ካከለ ግን፣ በሬውን ተነጥቆ ለተበዳዩ ይሰጣል፣ ያጎደለውም እስኪሞላ ድረስ ያገለግላል። ዋጋውን የሚናገሩት ደግሞ ሦስት የገበያ ሽማግሌዎች ናቸው። ገበያው ያለው አለቀ።

ስንሻው ይህን ሕግ ከዳር እስከ ዳር ያውቀዋል። ደጋግሞ ሲያገላብጠው አንድ ቀዳዳ አገኘበት። ገበያ የማይወጣ ነገር ስንት ያወጣል?

መጀመሪያ የአንድ ገበሬ ውሻ ወሰደ። የንጉሡ አዳኞች ጎበዝ ውሻ ይፈልጋሉ፣ ሥጋ እየበላ ይኖራል ብሎ አታለለው። ውሻው የስንሻውን በጎች ሲጠብቅ ተገኘ። ዳኛው ሽማግሌዎቹን ጠየቁ። ሽማግሌዎቹ ተያዩና፣ ውሻ ገበያ አይወጣም፣ ዋጋ የለውም አሉ። ዋጋ ከሌለው ከዶሮ ያንሳል። ስንሻው ተመክሮ ተለቀቀ፤ ዋጋ የሌለውን ነገር መልስ የሚል ሕግ ስላልነበረም ውሻውን አስከትሎ ሄደ።

ቀጥሎ የአንድ አዛውንት ምርኩዝ ወሰደ። አርባ ዓመት የተያዘ፣ በእጅ ብዛት የለሰለሰ የወይራ ምርኩዝ ነው። በጠበል ነክሬ አመጣልዎታለሁ፣ ወገብዎ ይቃናል አላቸው። ምርኩዙ ስንሻው እጅ ላይ ሲንጎማለል ታየ። ሽማግሌዎቹ ተያዩና፣ ምርኩዝ ከዛፍ ይቆረጣል እንጂ አይሸጥም፣ ዋጋ የለውም አሉ። ስንሻው ተመክሮ ተለቀቀ። አዛውንቱ ጎንበስ ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ፤ እኔ በበኩሌ ይሄን ስናገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ከዚያ በኋላ የስንሻው ጎተራ ውስጥ አይጥ ገባ።

ስንሻው ወንዝ ተሻግሮ፣ ፊቱን አጨፍግጎ፣ ማንጠግቦሽ ደጅ ላይ ቆመ። «እማማ፣ ሚስቴ ወልዳ ተኝታለች። አይጥ የሕፃኑን ጣት ሊነክስብን ነው። ድመትዎን ለሦስት ቀን ብቻ ያውሱኝ» አላት።

በዚያ አገር፣ ልጆቼ፣ የአራስ ነገር ከተነሳ ሰው ልቡን እንጂ ጭንቅላቱን አያማክርም። ማንጠግቦሽ መቼ አገባህ አላለችም። የማንን ልጅ አገባህ አላለችም። ሴት ነው ወንድ እንኳ አላለችም። ውሮን አንስታ አቀፈችና ሰጠችው። ይህ አልበቃት ብሎ ደግሞ ጓዳ ገብታ፣ ለአራሷ ገንፎ ይሆናል ብላ አንድ ድቡልቡል ቅቤ በኮባ ጠቅልላ አመጣችለት።

ስንሻው ቅቤውን አየ። ምራቁን ዋጠ። ቅቤ ግን ገበያ ይወጣል፤ ቅቤ ዋጋ አለው። «የለም እማማ፣ ድመቷ ትበቃኛለች፤ ቅቤውን አልነካም» አለ።

ማንጠግቦሽ እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው እያለች ሸኘችው።

ሦስት ቀን ሞላ። ድመቷ አልተመለሰችም። ማንጠግቦሽ ግን አልተጠራጠረችም፤ አራስ ቤት ሥራ ይበዛል አለች። ጎረቤቶቿን ሰበሰበች፤ አንዷ ገንፎ፣ አንዷ ቅቤ፣ አንዷ ተልባ ይዛ፣ ሰባት ሴቶች ሆነው ወንዙን ተሻገሩ። ስንሻው ደጅ ሲደርሱ እልልታውን አቀለጡት። በሩን ገፍተው ገቡና ሁሉም በአንድ አፍ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሉ።

ማንም አልመለሰም። ስንሻው ብቻውን እግሩን አጣጥፎ ሽምብራ ቆሎ ይቆረጥማል።

አራሷ የታለች አሉት። የለችም አለ። ሕፃኑስ አሉት። የለም አለ። ድመቴስ አለችው ማንጠግቦሽ። ጠፋች አለ።

እውነቱን ነበር። አይጥ ለምትበላ ድመት ወተት ምን ያደርጋል ብሎ ጠብታ ሳያቀምሳት ስለሰነበተ፣ ውሮ በሁለተኛው ቀን ጅራቷን ቀጥ አድርጋ ጥላው ሄዳለች። ስንሻው ዕድሜውን ሙሉ ዋሽቶ ሲታመን ኖሮ፣ ያን ቀን እውነት ቢናገር የሚያምነው አጣ። ሴቶቹ ገንፎው ሳይቀዘቅዝ እዚያው ቁጭ ብለው በሉት። እሱን አላቀመሱትም።

ማንጠግቦሽ ወደ ቤቷ ስትመለስ አይጦቹ ቀድመዋት ነበር። ከጎተራው ሥር የገብስ ገለባ ተበትኖ አገኘች። በማግስቱም እንደዚያው፣ በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው። ዝናቡ ሊገባ አንድ ወር ቀርቶታል፤ በዚህ ዓይነት ዘሩ አንድ ወር አይቆይም። ማንጠግቦሽ ፈራች። ተቀምጣ ግን አላለቀሰችም፤ ስንሻውን ይዛ ሾላው ሥር ቀረበች።

ዳኛ ወንድይራድ ስንሻውን ገና ሲያዩት ጢማቸውን ያዙ። ሽማግሌዎቹን ጠየቁ። ሽማግሌዎቹ ተያዩና፣ ድመት ለወዳጅ ትሰጣለች እንጂ አትሸጥም፣ ገበያችን ዋጋዋን አያውቅም አሉ።

ስንሻው እጅ ነሳና ልሂድ ወይ አለ።

ማንጠግቦሽ ግን አንድ ነገር ልናገር አለች። ድመቴ ጎተራዬ ናት፣ ጎተራዬ ማሳዬ ነው፣ ማሳዬ ሕይወቴ ነው፤ ስለዚህ የድመቴ ዋጋ የሕይወቴ ዋጋ ነው አለች።

ዳኛው አዘኑላት። ቢሆንም ራሳቸውን ነቀነቁ። «ማንጠግቦሽ፣ ልቤ ካንቺ ጋር ነው። ነገር ግን ባለቤቱ የተናገረውን ዋጋ ከተቀበልኩ፣ ነገ ዶሮው የጠፋበት ሁሉ ዶሮዬ ዝሆን ታክል ነበር እያለ ይመጣብኛል። ባለቤቱ በወደደው ልክ መፍረድ አልችልም» አሏት።

ማንጠግቦሽ ትንሽ አሰበች። ልጆቼ፣ እናንተም እስቲ አስቡ። ገበያው አያውቅም፣ ባለቤቷ አትጠየቅም፤ ታዲያ ማን ይጠየቅ?

«እንግዲያው ገበያውን አይጠይቁ፣ እኔንም አይጠይቁኝ» አለች ማንጠግቦሽ። «እሱን ይዘዙልኝ። ሌላ ድመት ያምጣልኝ። ቆንጆ ትሁን አላልኩም፣ አይጥ ትያዝ እንጂ። እሷን ለማግኘት የሚጠየቀው፣ ያ ነው የውሮ ዋጋ።»

ዳኛው ጢማቸውን ለቀቁት። ሽማግሌዎቹም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይተያዩ፣ ልክ ነው አሉ።

ስንሻው ደስ አለው። ቆላ ባለው የነጋዴዎች ከተማ ድመት እንደ ዝንብ ነው፣ በነጻ ይታደላል፤ ከመከር በኋላ ሄጄ አንድ አቁማዳ ሙሉ አመጣለሁ አለ።

«የለም» አሉ ዳኛው። «የወሰድከው ቆላ ሄደህ አይደለም፤ ከዚህ አገር ነው። የወሰድከው በመከር አይደለም፤ ዘር በሚጠበቅበት ወር ነው። ዋጋዋም የሚታየው በተወሰደችበት ቦታና በተወሰደችበት ጊዜ ነው። ሰባት ቀን ሰጥቼሃለሁ። በዶሮ ካገኘህ በዶሮ፣ በበግ ካገኘህ በበግ።»

በዚያ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ እስኪፈረድ ድረስ የልብሳቸው ጫፍ ተቋጥሮ ነው አብረው የሚሄዱት፤ ቁራኛ ይባላል። የማንጠግቦሽ ነጠላና የስንሻው ጋቢ ጫፍ ለጫፍ ታሰረ። ማታ ማታ ተፈትተው በየቤታቸው ያድራሉ፣ ጠዋት እንደገና ይቋጠራሉ። እሷ ስትፈጥን እሱ ይጎተታል፤ እሱ ሲቆም እሷ ትጎትተዋለች። ያየ ሁሉ ይስቃል።

መጀመሪያ ከወንዙ ማዶ ወዳለች አንዲት ባለድመት ሄዱ። ስንሻው ዶሮ ልስጥሽ አላት። ሴትዮዋ ሳቀች። በግ ልስጥሽ አላት። ሴትዮዋ ሳቋን አቆመችና፣ አንተ ሰው፣ ጎተራዬ ዘር ይዟል፣ በጉ አይጥ ይይዝልኛል ወይ አለችው። ለማንጠግቦሽ ጠላ ቀዳችላት፣ እሱን አሰናበተችው።

ከዚያ ወደ ኮረብታው መንደር ወጡ። ስንሻው መክፈሉ ከበደውና ወደ ለመደው ሥራ ተመለሰ። ፊቱን አጨፍግጎ ለአንዲት ባለድመት «እመቤቴ፣ ሚስቴ ወልዳ ተኝታለች፣ አይጥ የሕፃኑን ጣት ሊነክስብን ነው» አላት። ሴትዮዋ አየችው። ቀጥላ ጋቢው ላይ የታሰረውን ነጠላ አየች። ነጠላውን በዓይኗ ተከትላ ስትሄድ፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት ማንጠግቦሽ ላይ ደረሰች።

«አራሷ እኚህ ናቸው?» አለች።

ማንጠግቦሽ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እስኪያማት ሳቀች። ድመቷ ከጠፋች ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። ወሬው ከእነሱ ቀድሞ መንደር ለመንደር ዞረ፤ ከዚያ በኋላ በሄዱበት ሁሉ ሰው ማንጠግቦሽን እንኳን ማርያም ማረችሽ እያለ ይቀበላት ጀመር።

ስንሻው አፈረ። አፍሮ ግን አልተወም። የማንም ያልሆነ ነገር በነጻ ይገኛል ብሎ ወደ ጫካ ገባ፣ ማንጠግቦሽም ታስራለችና አብራ ገባች። የዱር ድመት አገኘና ዘሎ ያዘ። ልጆቼ፣ የዱር ድመት ይዛችሁ ታውቃላችሁ? እሱም አያውቅም ነበር። ሲወጣ አፍንጫው ላይ ሦስት፣ ግንባሩ ላይ ሦስት፣ ጆሮው ላይ ሦስት ጭረት ነበረበት። ማንጠግቦሽ አሳዘናትና ከራስ ጸጉሯ ቅቤ ጠርጋ ቀባችው።

ባለድመት የተባለ ቤት ሁሉ ደጁ ተቆመ። ሁለት በግ አለ፤ እምቢ ተባለ። ሦስት በግ አለ፤ እምቢ ተባለ። በሰባተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ገበሬ ብቻ እሺ አሉ። ሁለት ድመት አለኝ፣ አንዷን እሰጥሃለሁ፤ በሬህን አምጣ አሉት።

ስንሻው አንድ የሚወደው ቦራ በሬ ነበረው። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ትከሻው እንደ ተራራ የቆመ በሬ ነው። ተናደደ። ሽማግሌውን ሳይሰናበት ማንጠግቦሽን እየጎተተ ወደ ሾላው ሮጠ። ገና ከሩቅ ለዳኛው አቤት ማለት ጀመረ።

«ጌታዬ፣ ይህ አገር ጠፍቷል። ሰባት ቀን ዞርኩ። በዶሮ እምቢ አሉኝ። በሦስት በግ እምቢ አሉኝ። አንድ እሺ ያለ ሰው ባገኝ፣ ለአንዲት ድመት በሬ ጠየቀኝ። ዘንድሮ ድመት ከበሬ በታች አይገኝም።»

ዳኛው ቀስ ብለው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። ሰማችሁ ወይ አሉ። ሰምተናል አሉ። ዋጋው ታወቀ ወይ አሉ። በራሱ አፍ ታወቀ አሉ። ማንጠግቦሽስ ምስክር ነሽ ወይ አሏት። ሰባቱንም ቀን አብሬው ታስሬ ነበር አለች።

ስንሻው አፉን ያዘ። ዘገየ እንጂ ያዘ።

ፍርዱ ተሰጠ። ቦራው በሬ ለማንጠግቦሽ ሆነ። ስንሻው ደግሞ ያጎደለው እስኪሞላ ያገልግል ተባለ። የጎደለው ምንድን ነው? ጎተራ ጠባቂ ነው። ስለዚህ ገብሱ እስኪዘራ ድረስ ስንሻው ድመት ይሁን ተባለ። ባለውሻውና ባለምርኩዙም ይህን ሰምተው እዚያው ተሰለፉ፤ በዚሁ መለኪያ ተፈርዶላቸው ሁለቱም ንብረታቸውን ይዘው ገቡ፤ አዛውንቱም ምርኩዛቸውን እየነካኩ ፈገግ አሉ።

ስንሻው ዱላ ይዞ ጎተራው ሥር ተቀመጠ። በስተቀኝ ኮሽ ሲል ወደ ቀኝ ይሮጣል፤ አይጡ በግራ ይገባል። ወደ ግራ ሲሮጥ በቀኝ ይወጣል። የመንደሩ ልጆች ከብት አሰማርተው ሲመለሱ አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው ውሮ ውሮ ይሉታል። ማንጠግቦሽ ግን ጠዋት ጠዋት አንድ ጣሳ ወተት ትሰጠዋለች። የሚሠራ አይራብም ትላለች። የመጀመሪያውን ቀን ወተቱን ሲቀበል ዓይኗን ማየት አልቻለም።

በሳምንቱ የአይጦቹን መግቢያ ለየ። በሁለተኛው ሳምንት ቀዳዳውን ሁሉ በጭቃ መረገ፣ የጎተራውን እግር በእሾህ አጠረ። በሦስተኛው ሳምንት ከጎተራው ሥር አንድ ገለባ እንኳ ታጣ። የሚያታልልበት አንጎሉ ሁሉ አይጥን ወደ ማታለል ዞረ፤ አይጦቹም እንዲህ ያለ ድመት አይተን አናውቅም ብለው አገር ለቀቁ ይባላል። ይሄን ያሉት አይጦቹ ናቸው፣ እኔ አይደለሁም።

ዝናቡ ገባ። ማንጠግቦሽ ጎተራውን ከፍታ ዘሩን ሰፈረች። ከዳር የጎደለ ቢሆንም ለማሳዋ ይበቃል። ደጋግማ ሰፈረችው፤ ይበቃል። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው፣ በደስታ።

ዘንድሮ የጎረቤት በሬ አልለመነችም። የራሷ በሬና ቦራው ባንድ ቀንበር ተጠመዱ። ጎረቤቶቿ እርፉን ያዙላት፣ እሷ ከኋላ ገብሱን በተነች፣ ሴቶቹ ከዳር እልል አሉ። ማሳው ተዘርቶ ሲያልቅ ወደ ስንሻው ሄደች። «ልጄ፣ ጎተራዬ ባዶ ሆኗል፣ የሚጠበቅ ነገር የለም። ቅጣትህ አበቃ፤ ሂድ» አለችው።

ስንሻው ዱላውን አነሳ። ጥቂት ተራመደና ቆመ። ወደ ማሳው ዞሮ አየ። ወፎች መውረድ ጀምረዋል።

«እማማ፣ ይሄን ሁሉ ለወፍ ነው እንዴ የጠበቅሁት?» አለ። ማንም ሳያዝዘው ዱላውን እያወናጨፈ ማሳው መሐል ገባ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ዳኛ ሲፈርድ፣ ገበያው ዋጋውን ካላወቀ ዋጋ የለውም አይባልም። ያው ዓይነት ነገር በዚያው ቦታ፣ በዚያው ጊዜ ለመተካት ስንት ያስፈልጋል ተብሎ ይጠየቃል። እናንተም ልጆቼ፣ የሰው ነገር ትንሽ መስሎ ሲታያችሁ፣ ተኩ ብትባሉ ስንት እንደሚያስወጣችሁ አስቡ። በውሸት ከመውሰዳችሁ በፊት አስቡ፤ ከወሰዳችሁ በኋላማ ዳኛው ያስብላችኋል።

እኔ የሰማሁትን ነገርኳችሁ፤ ጎተራችሁ አይጉደል፣ ድመታችሁም ወተት አትጣ።